ቆሎ እስኪበቅል የጠበቀው ግንበኛ

አንድ ግንበኛ ነበረ። ድንጋይ ሲያይ የትኛው ፊቱ ወደ ውጭ እንደሚዞር ያውቃል። ሰው ይጠይቀዋል እንጂ እርሱ ሰው አይጠይቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት በትዳር ሲኖር ሚስቱን እንኳ «ይህን እንዴት ሠራሽው?» ብሏት አያውቅም። ያቀረበችለትን ይበላል። የቀዳችለትን ይጠጣል። «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ ተነሥቶ ይወጣል።

ሚስቱ አመለወርቅ የሰንበቴ ማኅበርተኛ ነበረች። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ባለተራው ዳቦና ጠላ ይዞ ይመጣል፤ አብረን እንበላለን፣ አብረን እንጠጣለን፤ የባለተራው ሙታን በየስማቸው ይጠራሉ። እርሷ ተራዋን አንድም ጊዜ አላጓደለችም።

አመለወርቅ ዐረፈች። ዓመቷ ሳይሞላ የቤቷ ተራ ደረሰ።

የሰንበቴው መሪ፣ ሙሴ የምንላቸው፣ አቶ ተክለየስ ወደ ግንበኛው ቤት ሄዱ።

«ወንድሜ፣ ሴት በሌለበት ቤት ጠላ ከየት ይመጣል? ተራውን ለሌላ ቤት እንስጠው። ማንም አይታዘብህም።»

«ተራው ከሄደ ስሟስ?»

«ተራው የሄደበት ቤት የራሱን ሙታን ያስጠራል።»

«እንግዲያው አይሄድም። እኔ እጠምቃለሁ።»

«አንተ?»

«እኔ።»

አቶ ተክለየስ ጢማቸውን ያዙ። «የምታቦካው ኖራ አይደለም እኮ። ጠላ ነው።»

«ሰምቻለሁ» አለ ግንበኛው።

አራት ሳምንት ቀርቶታል። ጎረቤት መሄድ ይችል ነበር። አልሄደም። «አጠገቤ ሲጠመቅ የኖረ ጠላ ምን ያቅተኛል?» አለ። ሁለት ነገር ትዝ አለው። አንዱ የሚቆላ ገብስ ሽታ ነው። ሌላው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ድንጋይ ተጭኖበት የሚያድር ገብስ ነው።

ስለዚህ ገብሱን ቆላ። አሳምሮ ቆላው። ከዚያ ውኃ ውስጥ ነከረው። በማግስቱ በኮባ ጠቀለለው። መርጦ ያማረ ድንጋይ ጫነበት። ብቅል እስኪሆን ጠበቀ።

አንድ ቀን ጠበቀ። ሁለት ቀን ጠበቀ። ሦስት ቀን ጠበቀ። ምንም የለም።

በስድስተኛው ቀን ጎረቤቱ እማማ የሺመቤት ወንፊት ሊዋሱ ገቡ።

«ምንድን ነው ያፈንከው?»

«ብቅል ነው። ሊበቅል ነው።»

«ስንት ቀኑ?»

«ስድስት።»

እማማ የሺመቤት ቅጠሉን ገለጥ አደረጉ። አንዲት ፍሬ አንሥተው በጥርሳቸው ሰበሯት። አኘኩ። ቆም አሉ። እንደገና አኘኩ።

«ይኼ እኮ ቆሎ ነው!»

«ቆልቼዋለሁ።»

«ቆልተህ ነው የነከርከው?»

«ታዲያ የጠላ ገብስ አይቆላም እንዴ?»

«የሚቆላው ሌላ ነው! ይኼኛው እንዲበቅል ነው! አንተ ሰው፣ ቆሎ በቅሎ ልታይ ነው? ስምንተኛው ሺህ ይደርስብሃል!»

ሳቁ። ነጠላቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ግንበኛው አልሳቀም። ይህን ሲያዩ ነጠላቸውን አነሡ።

«ለመሆኑ ሰው ጠይቀሃል?»

«አልጠየቅሁም።»

«ለምን?»

«በዚህ ዕድሜዬ ጥሬ ነው እንዳልባል።»

«ጥሬ!» አሉ እማማ የሺመቤት። «ጥሬ ብትሆንማ መች ጠፋ። የሚበቅለው እኮ ጥሬው ነው።»

ይህችን ቃል ያዙልኝ። እመለስባታለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የግንበኛው አፍ ተከፈተ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያልጠየቀውን በሦስት ሳምንት ጠየቀው።

«እማማ፣ ጋኑን በሳሙና ልጠበው?»

«በግራዋ ቅጠል እሸው፤ ከዚያ በወይራ እጠነው። በሳሙና ካጠብከው ቄሱ የሚባርኩት አረፋ ነው።»

«ጌሾው ስንት ኪሎ ይግባ?»

«በዓይንህ መጥነው።»

«ዓይኔ ጌሾ አያውቅም።»

«ጭቃ ስታቦካ ውኃውን በምን ትመጥናለህ?»

«በዓይኔ።»

«እንግዲያው!»

አዲሱ ገብስ፣ ያልተቆላው፣ በአራተኛው ቀን በኮባው ውስጥ ነጭ ሥር አወጣ። ግንበኛው ቅጠሉን እንደያዘ ሮጦ ወጣ። «በቀለ! እማማ፣ በቀለ!» ሰፈርተኛው ልጅ የተወለደ መሰለው።

ድፍድፉ ጋን ውስጥ የገባ ዕለት ግንበኛው መምረጊያውን አነሣ፤ ባልዲም አቀረበ። የጋን አፍ መምረግ ነዋ! ይህስ ሙያው ነው። ይህን ማንን ይጠይቃል?

እጁን ዘረጋ። ቆመ። ወደ አጥሩ ዞረ።

«እማማ! የጋኑን አፍ በሲሚንቶ ልምረገው?»

እማማ የሺመቤት መሬት ላይ ተቀመጡ። «በጭቃ! በጭቃ፣ አንተ ሰው! እንዲተነፍስ ነው እኮ! በሲሚንቶ ከደፈንከው ጋኑ ፈንድቶ ጣራህን ይዞት ይሄዳል!»

ያ ጋን የአመለወርቅ ጋን ነበር። ሌላ አልነበራትም። ያቺ አንዲት ጥያቄ አተረፈችው።

ጆሮውን ጋኑ ላይ አስጠግቶ አዳመጠ። «ይንሾካሾካል» አለ።

«ይንሾካሾክ። ብቻ አንተ አትመልስለት።»

ጥቂት ቆይቶ፣ ጆሮውን ሳያነሣ፣ ጠየቀ። «አመለወርቅ ይህን ሁሉ ብቻዋን ነበር የምትሠራው?»

«ብቻዋን።»

«አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም።»

«አሁን ጠየቅህ» አሉ እማማ የሺመቤት።

እሑድ ደረሰ። ቄሱ ባረኩ። ጠላው ተቀዳ። መጀመሪያ የቀመሱት አቶ ተክለየስ ናቸው። አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉ። ፊታቸው ተሰበሰበ። ማኅበሩ ሁሉ ፊታቸውን ያያል።

ድሮ ቢሆን ግንበኛው ወደ መሬት ያይ ነበር። አሁን ግን ፊት ለፊት ቆሞ ጠየቃቸው። «ምኑ በዛ? ምኑ ጎደለ?»

«ጌሾው በዝቷል። መርሯል።»

«ሌላስ?»

አቶ ተክለየስ ዋንጫቸውን ዘረጉ። «ቅዳልኝ። ደግሜ ሳልቀምስ አልመልስልህም።»

ሦስት ጊዜ ቀመሱ፤ መልሱ አልመጣላቸውም። ከዚያ ሁሉም ተናገረ። አንዷ ብቅሉ ይጨመር አለች፤ ሌላዋ የለም፣ ወይራው ነው ያነሰው አለች። እርሱ እየዞረ ይቀዳል፤ እየቀዳ ይጠይቃል፤ ሲነግሩት ይስቃል። ጠጥተው ሳይጨርሱ ቄሱ ተነሡ። «የአመለወርቅን ነፍስ ይማር» አሉ። ማኅበሩ በአንድ ድምፅ «አሜን» አለ። ተራው ከቤቷ አልወጣም።

እናንተስ?

ከዚህ ቤተ ክርስቲያን እየተቀዳላችሁ ስንት ዓመት ጠጣችሁ? ሃያ? አርባ? ጎረቤታችሁ ሲሰግድ ትሰግዳላችሁ። ሲነሣ ትነሣላችሁ። ለምን እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ከኋላ የሚስቅ አለ፤ ምሰሶው አጠገብ ደግሞ ወደ መሬት ያየ አለ። ሁለታችሁንም አይቻችኋለሁ።

የምናፍረው ምንድን ነው? ጥሬ መባል ነው። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ሽበቴ፣ በዚህ ስሜ ጥሬ ልባል? እንላለን። ስለዚህ ልባችንን እንቆላዋለን። የተቆላ ልብ ሽታው ያውዳል። የሚያውቅ ይመስላል። ነገር ግን እግዚአብሔር ውኃ ሲያፈስበት ምን ይሆናል? ይርሳል። ከዚያ ይሻግታል። ስድስት ቀን ብትጠብቁት፣ ስድስት ዓመት ብትጠብቁት፣ ያው ቆሎ ነው።

ጥሬው ግን ይጠጣል። ያብጣል። ሥር ያወጣል።

ጸሎት የማታውቁ፣ አናውቅም በሉ። ጾሙ ለምን እንደሆነ ያልገባችሁ፣ አልገባንም በሉ። አጥሩን አሻግራችሁ ተጣሩ። የሚስቅባችሁ ይስቅ፤ እማማ የሺመቤትም ስቀዋል፤ ስቀው ግን አስተማሩት።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ለሚቀዳላችሁ ሰው «እግዜር ይስጥልኝ» ብላችሁ አትነሡ። ተቀመጡ። «እንዴት ሠራሽው?» በሉ። «እንዴት ዋልክ?» በሉ። ጋኑ ዝም ሳይል፣ የሚመልስላችሁ ሰው በቤታችሁ ሳለ ጠይቁ።

እግዚአብሔር ጥሬ ያድርጋችሁ። አሜን በሉ።