ደምለው ዳገቱን የወጣ ዕለት

በእኛ መንደር ሰው በሌላው ሸክም ላይ በችኮላ ሲፈርድ ሽማግሌዎች የሚመልሱለት አንድ አባባል አለ። ብዙዎች የጥንት ይመስላቸዋል፤ የወጣው ግን በደምለው ቤት ከደረሰው ነገር ነው።

ደምለው ታታሪ ገበሬ፣ ሲናገርም የሚደመጥ ሰው ነበር። አንድ በጋ ሁለት ድርጅቶች ገበሬውን እንርዳ ብለው መጡ። አንደኛው ወንዙ ዳር ለመስኖ የሚሆን የውሃ መሳቢያ ሞተር ሊተክል፣ ሌላው መንደሩ መሃል ጉድጓድ ቆፍሮ ለጓሮ የሚሆን የጎመንና የቃሪያ ዘር ሊያድል። ወረዳው ግን “ከአንዱ ጋር ብቻ ሥሩ” አለ። ወንዶቹ ተሰበሰቡና ደምለው ስለ ሽንኩርት ገበያ ሲያወራላቸው ሁሉም ለሞተሩ እጁን አወጣ።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ የሻረግ፣ “እኛንስ ማን ጠየቀን?” አለችው።

“እኔን ጠይቀውኝ የለ? እኔና አንቺ አንድ ቤት አይደለንም እንዴ?”

“ቤቱስ አንድ ነው፤ ጀርባችን ነው ሁለት” አለችው።

ብዙም ሳይቆይ የሻረግ ከወንዝ ውሃ አዝላ ስትመጣ ዳገቱ ላይ አዳለጣትና እግሯ ተሰበረ። ወጌሻው አስሮላት “እንዳትነሺ” አላት። ደምለው ጥቂት ቀን ከጎረቤት ውሃ ከለመነ በኋላ አፈረና እንስራውን አዝሎ ራሱ ወረደ። ሲመለስ ገመዱ ደረቱን ቆረጠው። መሃል ዳገት ላይ ቁጭ ብሎ ሲያለከልክ ነፍሰ ጡሯ ጎረቤቱ ብርቄ የራሷን እንስራ እንዳዘለች፣ “አይዞህ ጋሼ፣ በርታ” ብላው አለፈች። ያን ጊዜ እንባው መጣ።

“ይህን ሁሉ ዘመን ምነው ሳትነግሪኝ?” አላት የሻረግን፣ እንደገባ።

“ስነግርህ ኖሬያለሁ፤ ደምለው።”

ድርጅቶቹ የመጨረሻውን ቃል ሊሰሙ ሲመጡ ደምለው ተነሳና “ሴቶቹም ተጠርተው ይጠየቁ” አለ። አንዳንዱ አጉረመረመ፤ ቢሆንም ተጠሩ። ሴቶቹ በአንድ ድምፅ “ጉድጓዱን” አሉ፤ ከወንዶቹም ጥቂቶቹ ከእነሱ ጋር ቆሙ። ሞተሩ ወደ ማዶ መንደር ሄደ።

የማዶዎቹ ሽንኩርት ሲያምር ደምለውን ቆጨው፤ አልዋሽም። የሻረግ እግሯ ድኖ መንደሩ መሃል ከተቆፈረው ጉድጓድ ውሃ እየቀዳች ጓሮዋን ስታጠጣ ሲያይ ግን ልቡ ይረጋ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን የማዶ ሰው አዛውንቱን አባ ጥጋቡን፣ “ያን የመሰለ ሞተር ትታችሁ ጉድጓድ? ለመሆኑ ማንን አማክራችሁ ነው?” ቢላቸው፣ “ልጄ፣ የዳገትን ርዝመት እንስራ ያዘለን ጠይቅ” አሉት።