አያ ጅቦና ከላይ ያለችው ትንሽ ቁጥር

አንድ ጊዜ፣ ድርቁ በጠናበት ዓመት፣ ንጉሡ አንበሳ ጎተራውን አስከፈተ። ክረምት እስኪገባ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ድርሻ ይሰጥ ብሎ አዘዘ፤ ሣር ለሚበላው ሣር፣ አጥንት ለሚቆረጥመው አጥንት። አዳይዋ ቀበሮ ነበረች። የተረፈው ሁሉ የአዳይዋ ነውና ሥራውን የያዘችው ማንም ሳይለምናት ነው።

ቀበሮ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ደርድራ በከሰል ቁጥር ጻፈችባቸው። በእያንዳንዱ ላይ አንዱ ቁጥር ከታች በትልቁ፣ ሌላው ከጎኑ ከፍ ብሎ በትንሹ ተጽፏል። የታችኛው መሠረት፣ የላይኛው ርቢ እንደሚባል ተናገረች። ርቢው ስንት መሠረት እርስ በርሱ እንደሚባዛ ያሳያል፤ ከብዜቱ የሚገኘው ዋጋ ደግሞ የመራጩ ድርሻ ነው። ይህ ሁሉ ሲነገር አያ ጅቦ አጥንቱን እያሸተተ ነበር። እቤት ሚስቱና ልጆቹ ከተራቡ ሰንብተዋል፤ እሱም ቢሆን ጠግቦ አያውቅም።

ተሽቀዳድሞ መሠረቱ አሥር፣ ርቢው ሁለት የሆነውን ድንጋይ አነሣ። አሥር በአሥር ተባዝቶ መቶ አጥንት ተቆጠረለት። በቁጠባ ከተበላ ክረምቱ ላይ የሚያደርስ ድርሻ ነበር። ቀጥላ እመት አህያ መሠረቱ ሁለት፣ ርቢው አሥር የሆነውን መረጠች። ጅቦ ሳቀባት።

«ሞኙ እኔ ብቻ ነኝ ሲሉኝ ኖረዋል፤ ዛሬ ጓደኛ አገኘሁ» አለ።

ቀበሮ ማባዛት ጀመረች። ሁለት፣ አራት፣ ስምንት ስትል ጅቦ ገና ይስቅ ነበር። እኔ ተራኪውም በጣቴ ልከተላት ሞክሬ ስድሳ አራት ላይ ተውኩት። መቶ ሃያ ስምንት ላይ የጅቦ ሳቅ ቆመ። አንድ ሺህ ሃያ አራት እስር ሣር ሲከመር አህያዋ ከክምሩ ጀርባ አልታይ አለች።

ጅቦን ቅናት አንጀቱን አሳረረው። ለካ ጉልበቱ ያለው ከላይ በተቀመጠችው ትንሽ ቁጥር ነው ብሎ ደመደመና ድርሻዬ ይቀየርልኝ አለ። ቀበሮም መቶውን መልሶ ሌላ መምረጥ እንደሚችል፣ ከዚያ ወዲያ ግን መመለስ እንደሌለ ነገረችው። አህያ አዝናለት የታችኛውንም ቁጥር እንዲያይ መከረችው።

«የዛሬን አያድርገውና ምሳዬ ነበርሽ» አላት። «ከምሳዬ ምክር አልቀበልም።»

ርቢው መቶ የሆነ ድንጋይ ሲያይ ዘሎ ያዘው። መሠረቱ አንድ ነበር። ቀበሮ ሳቋን እየታገለች አንድን በአንድ ታባዛ ጀመር። አንድ ሆነ። ደግሞ ብታባዛው ያው አንድ ሆነ። ብዙም ሳትሄድ ጅቦ እንዲበቃት ለመናት። አንድ አጥንት ሰጠችው፤ የቀረው ወደ ጓዳዋ ገባ።

ልጆቹ ደጃፍ ላይ ተኮልኩለው ጠበቁት። ሚስቱ እመት ጅቢት አጥንቷን አገላብጣ አየችና የሆነውን ሁሉ አስነገረችው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ከታች ምን ተጽፎ ነበር?»

«አንድ» አለ አያ ጅቦ አንገቱን ደፍቶ። «መጀመሪያ የታቹን አይቼ የላዩን ናቅሁ፤ ኋላ የላዩን አይቼ የታቹን ረሳሁ። ይሄ ጭንቅላቴ ሁለት ቁጥር ባንዴ አይዝም፤ ሆዴ ግን መቶ አጥንት ይይዝ ነበር።»

ልጆቹ አጥንቷን እየተቀማሙ ሲቆረጥሙ እሱ ምራቁን ዋጠ።

ከዚህ የምንማረው፣ ርቢው የቱንም ያህል ቢገዝፍ መሠረቱን ሳያዩ የመረጡት ድርሻ ልጅ እንደማያጠግብ ነው።