ግንባር ያገኘው ውሃ

ተረት ልንገራችሁ? «ይንገሩን» በሉ እንጂ! እንዴ፣ ድምፃችሁ የት ገባ? እሺ፣ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ድሮ፣ ድሮ፣ በአንድ አገር ዝናብ ጠፋ። ምንጩ ደረቀ፤ ከብቱ አለቀ። ማንጠግቦሽ የምትባል አንዲት መበለት ነበረች። ያለቻት አንዲት ሕፃን ልጅ ናት። የልጅቱ ከንፈር ተሰነጣጠቀ፣ ዓይኗ ጎደጎደ። እናትየዋ «ልጄ ልትሞትብኝ ነው!» እያለች ትዞራለች።

ካህኑ አባ ጽጌ ምህላ አወጁ። «በምህላ ቀን ዶማ ያነሳ እግዜርን ተዳፈረ!» አሉ።

ጉድጓድ ቆፋሪው አያ ጎሹ ደግሞ የአፈር ጠባይ አዋቂ ነው። «በስግደት የፈለቀ ውሃ አላየሁም» አለና በእልህ ጓሮውን ቆፈረ።

አባ ጽጌና ሕዝቡ ሦስት ቀን ሜዳው ላይ ሰገዱ፤ ሰማዩ ዝም። ጎሹም ሦስት ቦታ ቆፈረ፤ ደረቅ። ሁለት ግትሮች! ልጅቱ ግን እየደከመች ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ማንጠግቦሽ ስትሰግድ ግንባሯ ያረፈበት መሬት ቀዘቀዛት። «ይቆፈር» ብትል አባ ጽጌ እንደሚቆጡ ታውቃለች። ብልጥ ናት።

«አባ፣ እዚህች ጋ ይስገዱልኝ» አለቻቸው።

ሰገዱ። ቀዘቀዛቸው። «ምልክት ነው!» አሉ።

«ምልክት ከሆነማ የሚያውቅበትን ልጥራ» ብላ ወደ ጎሹ ሮጠች። እየጎተተች አመጣችው።

«ጎንበስ በል፣ አያ ጎሹ።»

«እኔ አልሰግድም!»

«ማን ስገድ አለህ? ግንባርህን መሬት አስነካና ንገረኝ።»

አስነካ። አፈሩን በጣቱ ጫር አደረገ። ከዚያ «ከዚህ ስር ውሃ አለ» አለ።

አባ ጽጌ በእናቷ ጀርባ ላይ የዛለችውን ልጅ አዩ። «በል ዶማህን አምጣ፣ ልባርከው» አሉ።

ቆፈረ፤ አፈር። ቆፈረ፤ ጠጠር። ቆፈረ፤ አለት። ጎሹ ላቡን ጠርጎ ቁጭ አለ። «የእኔ እውቀት እዚህ ላይ አለቀ» አለ።

አባ ጽጌ ካባቸውን አውልቀው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ። «የእኔ እምነት አላለቀም፤ መሮውን ያዝ!» አሉ። አንዱ ያዘ፣ አንዱ በመዶሻ መታ። አለቱ ተሰነጠቀ።

ውይ ልጆቼ! ውሃው ቡልቅ አለ! መጀመሪያ ደፈረሰ፣ ቀጥሎ ጠራ። ያ ሁሉ ሰው ሰማዩን ሲለምን፣ ውሃው ለካ እግሩ ስር ነበር! ማንጠግቦሽ በእፍኟ ቀድታ ልጇን አጠጣች። ልጅቱ ዓይኗን ገለጠች።

ጎሹ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። «አባ፣ ውሃ እንዳለ አውቅ ነበር። ሳየው ታዲያ ለምን ተንበረከክኩ?»

«እኔስ?» አሉ አባ ጽጌ እያለቀሱ። «እንደሚመጣ አምኜ ነበር። ሲመጣ ግን ደነገጥኩ።»

ሁለቱም እዚያው ጭቃ ላይ ግንባራቸውን ደፉ። ከዚያ ወዲህ የዚያ አገር ሰው እንዲህ ይተርታል፦ ዶማ ውሃ አይፈጥር፣ ጸሎት ጉድጓድ አይቆፍር።