ከጎተራው አፍ የተዘገነ እፍኝ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ የኔታ ወልደ ሩፋኤል፣ ሲስተር የሺመቤት ጥያቄዋን በቅጡ ሳትጨርስ። እሷ የምትመራውን ጨምሮ በወረዳው ካሉት ጤና ጣቢያዎች አምስቱ በየወሩ በተራ አንዱ ዘንድ እየተሰበሰቡ ሥራቸውን ለማሻሻል ይማማራሉ፤ በሪፖርቱ ሁሉም ተሻሽሏል። «እውነት ተሻሽለን እንደሆነ በምን ልወቅ?» ነበር ያለቻቸው።

ሰውየው ገበሬ ነበር። ነቀዝ እህሉን እየፈጀበት ክረምት በመጣ ቁጥር ልጆቹ ይራባሉ። እንደ እሱ ከተቸገሩ አራት ጎረቤቶቹ ጋር ማኅበር ገባ። በየወሩ በተራ አንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። አንዱ እህሉን አመድ ደባልቁበት ይላል፤ ሌላው ከመክተታችሁ በፊት ፀሐይ አስመቱት ይላል። ከዚያ ባለተራው ጎተራው ላይ ወጥቶ ከአፉ አንድ እፍኝ ማሽላ ይዘግናል። አንድ ነቀዝ የለበትም! «እሰይ፣ ማኅበራችን ሠራ!» ይባባላሉ፤ ጠላው ይቀዳል። ምን ይደረግ፣ የሚዘገነው ከላይ፣ አመዱም የተነሰነሰው እዚያው ላይ!

ሰውየው ግን ዕረፍት አጣ። ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ጆሮውን ጎተራው ላይ ይለጥፋል። ማኅበር ያልገባ የአንድ ጎረቤቱን እህል ከጎተራው አፍ ዘግኖ ቢያይ፣ እሱም እንደ እነሱው አንድ ነቀዝ የለበትም። ይኼኔ ባሰበት።

«አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? ሁሉም ደስ ብሎት የለም እንዴ?» አለችው ሚስቱ።

«ሐምሌ ሲገባ ልጆቹ ደስታ ሊበሉ ነው?» አላት።

ተራው ሲደርስ ጎተራው ላይ አልወጣም። መጥረቢያ አንስቶ እንግዶቹ ፊት ግርጌውን ነደለው። ነቀዝና ዱቄት ተዘረገፈ። እፍረቱ በላብ አጠመቀው። አንዱ «ቤትህን በገዛ እጅህ አዋረድኸው!» ብሎ ጮኸበት። ሌላው ግን መጥረቢያውን ተቀበለውና «ኑ፣ የኔንም እንንደለው» አለ። በዚያው ቀን አምስቱንም ነደሉ። እስከ ግርጌው ደኅና ሆኖ የተገኘው እህላቸውን ፀሐይ ያስመቱ የሁለት ሰዎች ብቻ ነበር። ሁሉም የተረፋቸውን አስጥተው መልሰው ከተቱ። የሰውየው ልጆችም እየቆጠቡ ያን ክረምት ወጡት።

የኔታ ወደ ሲስተር ዞሩ። «እንግዲህ ልጄ፣ ሪፖርታችሁ ከጎተራው አፍ የተዘገነ እፍኝ ነው። ግርጌው ላይ ያለችው ምጥ ይዟት ከሩቅ ቀበሌ መጥታ፣ የሚቀበላት አጥታ ደጃችሁ ላይ የምትወልደው ናት። እሷን ጠይቂ። ማኅበራችሁ ያልገባውንም ጤና ጣቢያ እንደዚሁ እስከ ግርጌው እዪ። ማኅበር ሠራ የሚባለው ሰው ጉዱን ይዞ ሲመጣበት ነው። ለመሆኑ የሚመጣው ወር ተራ የማን ነው?»

«የኔ» አለች፣ አንገቷን ደፍታ።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ተነሺ፣ ሂጂና ንደዪው!»