አምባዛውን ማን አመጣው?

አንድ ጊዜ በጣና ሐይቅ ዳር ጥርሱ ሁሉ የተነቃነቀ አንበሳ ይኖር ነበር። ሥጋ ማኘክ ስላቃተው የሚበላው ዓሣ ብቻ ሆነ። ዓሣውን የሚያመጡለት ቀበሮና አህያ ናቸው። አህያ የደንገል ታንኳውን ትቀዝፋለች፤ ቀበሮ ሲባጎውን ይይዛል። በሲባጎው ጫፍ፣ መንጠቆው ላይ፣ ሕይወት ያላት ትንሽ ዓሣ ከታንኳው ኋላ ትከተላለች። ትልቁ አምባዛ እሷን ሊውጥ ሲመጣ ይያዛል።

«አምባዛውን በስሙ እጠራዋለሁ፤ እሱም አቤት ብሎ ይመጣል» እያለ ቀበሮ ይኩራራ ነበር። አንበሳም ያመሰግነዋል። አህያን ግን «በርቺ» ያላት እንኳ የለም።

አንድ ቀን ጅብ ወደ አንበሳ ቀረበ።

«ጌታዬ፣ ይህችን ቀርፋፋ ያዩዋታል? ታንኳዋን ከኤሊ ጋር እኩል ነው የምታስኬደው። እኔ ብቀዝፍ ዓሣው በእጥፍ ይመጣል።»

«ደግ ብለሃል፣ አያ ጅቦ» አለ አንበሳ። አህያም አንገቷን ደፍታ መቅዘፊያውን አስረከበች።

ጅብ ሲቀዝፍ ታንኳው በረረ። ትንሿ ዓሣ ግን በውሃው ላይ እየተንከባለለች ሞተች።

«አምባዛ! ኧረ አምባዛዬ!» ብሎ ቀበሮ ተጣራ። አምባዛው አልመጣም።

«አልሰማህም ይሆናል፤ ፈጠን ብዬ ላቅርብህ!» አለ ጅብ፤ ይብስ ቀዘፈ።

«ስሙን ቀይሮ ይሆን እንዴ?» አለ ቀበሮ ግራ ገብቶት።

ጅብ የሞተችውን ዓሣ ከመንጠቆው ላይ አውልቆ ዋጣት። «ከምትበላሽ ብዬ ነው» አለ።

ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ። አንበሳ በረሃብ አጉረመረመ።

«ምን እንደ ሆነ አልገባኝም» አለ። «ጠሪው ያው ቀበሮ፣ ሐይቁ ያው ሐይቅ። ቀዛፊው እንዲያውም ተሻለ። ዓሣው የት ገባ?»

«ዓሣውስ ይቅር፣ ጌታዬ» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ። «ሥራ የፈታች አህያ አለች። እኔ አኝኬ አላምጬ አጎርስዎታለሁ።»

አንበሳ ጥቂት አሰበ። «እስከ ቀትር ዓሣ ካልመጣ እንዳልከው ይሁን» አለ።

አህያ ወደ አንበሳ ቀረበች። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ በቀጭን ድምፅ ተናገረች።

«ጌታዬ፣ ብዙ ዘመን የደበቅሁት ነገር አለኝ። አምባዛው ለጥሪ አይመጣም። ታንኳው ቀስ ሲል ትንሿ ዓሣ በሕይወት ትዋኛለች፤ አምባዛውም ብቻዋን የጠፋች መስሎት ይከተላታል። ስፈጥን ትሞታለች። ይህን ያወቅሁት ገና በመጀመሪያው ዓመት ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» አለ አንበሳ።

«ሁሉም በዝግታዬ ይስቃል። ዓሣ የሚያመጣው መንቀርፈፌ ነው ብል ማን ያምነኛል? አፈርኩ።»

«ቀስ ያለ እንዴት ይቀድማል?» አለ ጅብ። «ቆይ... የሚቀድመው ማን ነው? እኛ ነን ዓሣው?»

«ዝም በል፣ አንተ!» አለ አንበሳ። እሱም ቢሆን በደንብ አልገባውም። «በሉ ሦስታችሁም ግቡ። እዚሁ ሆኜ አያለሁ።»

ቀበሮ ሌላ ሕይወት ያላት ትንሽ ዓሣ መንጠቆው ላይ አድርጎ ሲባጎውን ለቀቀ። ፀሐይ አናት ላይ ልትደርስ ጥቂት ቀርቷታል። አህያ መቅዘፊያውን አንዴ ነካ አድርጋ ትጠብቃለች፤ ደግሞ ነካ ታደርጋለች።

«ኧረ ቅዘፊ! ቀትር እኮ ደረሰ!» አለ ቀበሮ።

«ይድረስ» አለች አህያ። ልቧ ይደልቃል፤ እጇ ግን አልፈጠነም።

ድንገት ሲባጎው ተወጠረ። ታንኳው ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ጅብ «ማነው የሚጎትተን?» ብሎ ጮኸ። ቀበሮ ሲባጎውን በጥርሱ ነከሰ። ጥቁር፣ ሪዛም አምባዛ ከውሃው ብቅ አለ።

ከቀትር በፊት ዳር ሲደርሱ አንበሳ «ማን ያዘው?» ሲል ጠየቀ።

ቀበሮ እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ እኔ በስሙ ስጠራው...»

«እኔ ነኝ!» አለች አህያ። ድምፅዋ ሐይቁን ተሻግሮ ወዲያ ማዶ ተሰማ። ራሷም ደነገጠች፤ ግን ቃሏን አላጠፈችም።

ከዚህ የምንማረው ሰው ይስቅብኛል ብለን በኀፍረት የደበቅነው ችሎታ ሌላውን ሲያስመሰግን፣ እኛን ግን ለጅብ አሳልፎ ሊሰጠን እንደሚችል ነው።