የተፈታው ነጠላና ያልተፈታችው ላም

አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባት ጡት የሚጠባ ልጅ ይዛ የቀረች። በክፉ ዓመት ከአራት ሰዎች ተበደረች። ለሦስቱ የሰጠቻቸው ቃሏን ብቻ ነው። አራተኛው፣ ጨው ነጋዴው ግን ቃል አልበቃውም። ያለቻትን አንዲት ላም መያዣ አደረገና የላሚቱን ጆሮ በሰው ፊት ሰንጥቆ ምልክቱን አኖረባት። ላሚቱ እንዳትንፈራገጥ ገመዱን የያዘችለት ሴትዮዋ ራሷ ናት።

ቀኑ ደረሰ፤ የምትከፍለው አጣች። በዚያ አገር ወግ ደግሞ መክፈል ያልቻለ ሰው ነጠላው ከአበዳሪው ነጠላ ጋር ተቋጥሮ ነው ዳኛ ፊት የሚሄደው። የእሷ ነጠላ አራቱም ጫፉ ተቋጠረ። መንገድ ላይ ልጁ ሲያለቅስ ቁጭ አለች፤ አራቱ አበዳሪዎችም አብረው ቁጭ አሉ።

«ደግሞ ተቀመጠች» አለ አንዱ።

«ሲጠግብ እንነሳለን፤ እስከዚያ እናንተም እረፉ» አለችው።

ዳኛው ያላትን ሁሉ ጠየቋት። አንድም ሳትደብቅ ተናገረች፦ ሁለት ማሰሮ፣ ግማሽ ስልቻ ገብስ፣ የምትተኛበት ቁርበት፣ ላሚቱ። ዳኛው ቁርበቱንና ለልጇ የሚሆን ጥቂት ገብስ ተዉላት። የቀረውን እህልና ማሰሮዎቹን ሦስቱ ይካፈሉት አሉ። ከዚያ ብድግ ብለው ቋጠሮዎቹን በገዛ እጃቸው ይፈቱ ጀመር። አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን።

ጨው ነጋዴው ጫፉን ጨበጠ። «የእኔ ይቆይ ጌታዬ፤ እኔ መያዣ አለኝ።»

ዳኛው ጣቱን ቀስ ብለው አላቅቀው የእሱንም ፈቱ። «ከዛሬ ወዲያ ስለ አሮጌው ዕዳ ይህችን ሴት በመንገድ የሚያስቆም፣ ደጇ መጥቶ የሚጠራ አይኑር» አሉ። ስንት ሌሊት አልቅሳ ያልላላው ነገር በሽማግሌ ጣት ሲፈታ አይታ ሴትዮዋ የነጠላዋን ጫፎች ሰብሰብ አደረገች።

«እንግዲያ ላሜን ይዤ ልሂድ?» አለች በቀስታ።

«ላሚቱ ነጠላ አልለበሰችም» አሏት። «እኔ የፈታሁት ሰው ነው። የላሚቱን ምልክት ገመድ ይዘሽ ያስደረግሽው አንቺ ነሽ፤ ያንን አልነካም። ዋጋዋን ክፈይና አስቀሪያት፣ አለዚያ ይውሰዳት።»

«ከስታለች እኮ፤ ዕዳዬን አትሞላም። የጎደለውንስ ማን ይከፍለኛል?» አለ ነጋዴው።

«ማንም።»

የምትከፍለው ስለሌላት ነጋዴው ላሚቱን ነዳ። ሴትዮዋ የልጇን ወተት እያሰበች አለቀሰች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ነጋዴው ወንዝ ዳር ደረሰባት። እንደ ልማዷ ከመንገድ ወጣች፣ አንገቷን ደፋች፣ እስኪያስቆማት ጠበቀች። እሱ ግን አላስቆማትም። «ደህና ዋይ» ብሎ አለፈ። ውሃው ዳር ቆማ ከኋላው አየችው፤ ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መንገዱ መካከል ተመለሰች።

እንግዲህ ልጄ፣ «ከስራለች ተብሎ ዕዳዬ ከተሰረዘልኝ የቤቴ መያዣስ አብሮ አይሰረዝም ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሴትዮዋ አንቺ ነሽ፤ ላሚቱም ቤትሽ ናት። ፈርመሽ ያስያዝሽውን ቤት የዳኛ ቃል አይፈታልሽም። ወይ ዋጋውን ከፍለሽ ታስቀሪዋለሽ፣ ወይ ትለቂዋለሽ። ብትለቂው የጎደለውን ክፈይ ብለው አይከተሉሽም። አበዳሪዎችሽ ቤቱን ሊረከቡ ሲመጡ በሩን ክፈቺላቸው፤ ከዚያ ልጅሽን አዝለሽ በመካከላቸው እለፊ፤ ስምሽን ጠርቶ የሚመልስሽ የለም።