ለጌጥ የቀረበ ሳማ

አቶ ደስበለው ከራሳቸው ግብዣ ተነስተው በእግራቸው ሄዱ።

የአገሩን ቅጠላቅጠል በትንሽ በትንሹ በሚያቀርበው የጃፓኖች ምግብ ቤት ግብዣው ሲጀመር አንድ ወንበር ስለተረፈ፣ ሊስቁበት ሾፌራቸውን አስቀመጡት። የመንዝ ቅጠል ሾርባ መጣ፤ እርጥብ ቅጠሉም በጎኑ ለጌጥ ተቀምጧል።

«ይህ የጌቶች ምግብ ነው። ምን እንደሆነ ካላወቅህ የመኪናዬን ቁልፍ አስረክበህ ሥራ ፈልግ!»

ሾፌሩ ቀመሰ። «ሳማ ነው ጌታዬ። በክፉ ቀን ያሳደገኝ።»

«ሳማ? እኔ በሕይወቴ አይቼው አላውቅም!» ብለው እርጥቡን አነሱ። እንግዶቹም ሊያዩት ቢያነሱት «ውይ! ውይ!» እያሉ ጣታቸውን ያኩ ጀመር።

«ጌታዬ፣ ሁሉም ሲለበለቡ እርስዎ ከሥሩ ጨምድደው ያዙት። እንዲህ የሚይዘው ለቅሞት ያደገ ብቻ ነው። እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነበር የምለቅመው፤ እርስዎስ?»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሾፌሩ ቁልፉን በኪሱ እንደያዘ ቀጣዩን ሳህን ሊጠብቅ ቀረ።